ሶፍትዌር ሲታደስ ፎቶ ይጠፋል? ፎቶ አንሺዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች እና እውነታው

ባለፈው ጥር አንድ ወዳጄ በማለዳ ደወለልኝ። ትንሽ ፎቶ ቤት አለው። «ወንድሜ፣ አለቀልኝ! የሦስት ሰርግ ፎቶ ጠፋ» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ማታውን ዊንዶውስ በአዲስ አስጭኗል፤ ላይትሩም የተባለውን የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራምም ወደ አዲሱ ስሪት አሳድጓል። ጠዋት ሲከፍተው ሁሉም ፎቶ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት (!) አለ። ለአንዷ ሙሽራ ደውሎ ይቅርታ ሊጠይቃት ስልኩን አንስቶ ነበር።

ሄጄ አየሁለት። አንድም ፎቶ አልጠፋም። ፎቶዎቹ ያሉበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ድሮ በ«ኢ» ፊደል ነበር የሚታየው። ከአዲሱ ዊንዶውስ በኋላ ግን «ኤፍ» ሆኗል። ላይትሩም በድሮው አድራሻ ሄዶ ፈለገ፣ አጣ። ፊደሉን ወደ ቦታው ስንመልሰው ሁሉም ፎቶ ተመለሰ። አምስት ደቂቃም አልፈጀብንም።

ከዚያ ወዲህ ፎቶ አንሺ ባገኘሁ ቁጥር ይህን ጉዳይ አነሳለሁ። የምሰማቸው ነገሮች ይደጋገማሉ። አንዳንዶቹ ሰውን ያለ ምክንያት ያስፈራሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ያዘናጋሉ። እስኪ በየተራ እንያቸው።

«ፎቶዎቼ ላይትሩም ውስጥ ናቸው»

አይደሉም። ብዙው ድንጋጤ የሚመነጨው ከዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ላይትሩም ክላሲክ የሚይዘው መዝገብ ነው፤ ካታሎግ ይባላል። የትኛው ፎቶ የት ፎልደር ውስጥ እንዳለ፣ ብርሃኑን ምን ያህል እንደጨመራችሁ፣ የትኛውን እንደመረጣችሁ ይጽፋል። ፎቶው ራሱ ያለው እናንተ ባስቀመጣችሁበት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ልክ እንደ ዕቃ ቤት ደብተር አስቡት። ደብተሩ ቢጠፋ ዕቃው አለ። ዕቃው ቢሰረቅ ግን ደብተሩ ምንም አያደርግላችሁም።

ስለዚህ ላይትሩም ሲዘጋ «ባክአፕ ልያዝ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ስለ ደብተሩ ብቻ ነው። በየሳምንቱ «እሺ» እያሉ ፎቶአቸው የተጠበቀ የሚመስላቸው ሰዎች አውቃለሁ። ያን ጊዜ የሚቀዳው ካታሎጉ ብቻ ነው። የሰርጉን ፎልደር እናንተ ራሳችሁ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ አለባችሁ።

ወደ ትልቅ አዲስ ስሪት ስትሸጋገሩ ላይትሩም ካታሎጉን ወደ አዲስ ቅርጽ ይለውጠዋል። የድሮው ካታሎግ ባለበት ይቀራል፤ አይጠፋም። አዲሱን ካታሎግ ግን የድሮው ስሪት ሊከፍተው አይችልም። አዲሱን ለሦስት ቀን ሠርታችሁበት ካልወደዳችሁት ወደ ድሮው መመለስ ትችላላችሁ፤ የሦስቱ ቀን ኤዲት ግን አብሯችሁ አይመለስም።

ለዚህ ትንሽ መላ አለ። በካታሎግ ሴቲንግ ውስጥ ለውጦችን ወደ ኤክስኤምፒ እንዲጽፍ የሚያዝ ምርጫ አለ። እሱን ካበራችሁት የሮው ፎቶ (ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) የኤዲት መረጃ ከፎቶው ጎን በትንሽ ፋይል ይቀመጣል። እኔ ሁልጊዜ አበራዋለሁ። ኮሌክሽኖች (የመደባችኋቸው የፎቶ ስብስቦች) እና ቨርቹዋል ኮፒዎች (የአንድ ፎቶ ተጨማሪ የኤዲት ቅጂዎች) ግን ወደ ኤክስኤምፒ አይገቡም። እነሱ ካታሎጉ ውስጥ ብቻ ናቸው።

«ክላውድ ላይ ስላለ ባክአፕ አለኝ»

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የላይትሩም የአይፎን መተግበሪያ 5.4 የተባለው ስሪት ወጣ። ብዙ ሰዎች እንደለመዱት አፕዴት አደረጉ። ወደ ክላውድ ያልተላኩ ፎቶዎቻቸውና ፕሪሴቶቻቸው (አዘጋጅተው ያስቀመጧቸው የኤዲት ምርጫዎች) ጠፉ። የላይትሩም ሠሪ አዶቤ ይቅርታ ጠየቀ፤ የጠፋው ግን መመለስ እንደማይችል ተናገረ። ችግሩ በ5.4.1 ቢታረምም ለጠፋው አልደረሰም። እነዚያ ሰዎች ያጠፉት ነገር የለም። ግን ወደ ክላውድ ያልደረሰው ፎቶ ገና ስልካቸው ላይ ብቻ ነበር።

ይህ ለእኛ በጣም ቅርብ ጉዳይ ነው። አንድ ሰርግ 2,000 የሮው ፋይል ቢኖረውና እያንዳንዱ 25 ሜጋባይት ቢሆን 50 ጊጋባይት ይሆናል። ያን በእኛ ኢንተርኔት ለመላክ ስንት ሌሊት ይፈጃል? የመላኩ ምልክት ሳይጨርስ አፕዴት የሚነካ ሰው ያለውን ብቸኛ ቅጂ አደጋ ላይ ይጥላል። ደግሞ ሲንክ (በስልክና በክላውድ ያለውን አንድ ዓይነት ማድረግ) ባክአፕ አይደለም። በአንዱ በኩል ያጠፋችሁት በሌላውም ይጠፋል።

ከትልልቆቹም ቢሆን ችግር ይመጣል። ማይስፔስ የተባለው የድሮ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ሰርቨር በመቀየሩ ተጠቃሚዎች ከሦስት ዓመት በፊት የጫኑት ፎቶ፣ ቪዲዮና ሙዚቃ ላይገኝ እንደሚችል ማሳወቁ በ2019 ተሰማ። የሰው የልጅነት ፎቶ እዚያ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

«ባክአፕ ካለኝ በቃ፣ ልቀጥል»

ከፍታችሁ አይታችሁታል? ጊትላብ የፕሮግራመሮች ሥራ የሚቀመጥበት ድርጅት ነው። በጥር 31 ቀን 2017 አንድ ሠራተኛው በስህተት 300 ጊጋባይት የሚያህል ዳታቤዝ አጠፋ። ድርጅቱ አምስት ዓይነት የባክአፕ ዘዴ ነበረው። ሲፈተሹ ግን አንዳቸውም በአግባቡ አልሠሩም ነበር። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ በአጋጣሚ የተቀዳ ቅጂ ነው። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ለሕዝብ በግልጽ መናገሩን አደንቃለሁ።

እናንተም ከማደሳችሁ በፊት ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። አንድ ሰርግ ክፈቱ። ከመሀል አሥር ፎቶ አውጡና በትልቁ እዩ። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው።

«አዲሱ ስሪት የድሮ ኤዲቴን ቀለም ያበላሽብኛል»

ይህ ፍርሃት ምክንያት አለው፤ ግን አይሆንም። በ2012 ላይትሩም 4 ሲወጣ ፎቶ የሚያቀናብርበት ስሌት በጣም ተለውጧል። ያኔም ቢሆን በድሮው ስሌት የተሠሩት ፎቶዎች በድሮው ቀጠሉ። ለእያንዳንዱ ፎቶ በየትኛው ስሌት እንደተሠራ ይመዘገባል። እናንተ ራሳችሁ «ወደ አዲሱ ለውጥ» ካላላችሁት በቀር ቀለሙ እንዳለ ይቆያል። ለደንበኛ የተሰጠ አልበም ካለ አትለውጡት። እንደገና ማሳተም ቢመጣ ቀለሙ ይለያይባችኋል።

«አዲሱ ካሜራ የሚያወጣው ፋይል ብልሹ ነው፤ አይከፈትም»

ፋይሉ ደህና ነው። ሶፍትዌሩ ነው ካሜራውን የማያውቀው። ላይትሩም 6 የመጨረሻውን አፕዴት ያገኘው በታኅሣሥ 2017 ነው። ካኖን ሲአር3 የተባለውን የሮው ዓይነት ያመጣው ደግሞ በ2018 ነው። ስለዚህ በላይትሩም 6 የሚሠራ ሰው ሲአር3 የሚያወጣውን የካኖን ኢኦኤስ አር ካሜራ ቢገዛ ፎቶውን መክፈት አይችልም። ሶፍትዌር ለመግዛት አቅም ከሌለ አዶቤ በነፃ የሚሰጠው ዲኤንጂ ኮንቨርተር አለ። አዲሱን አውርዳችሁ ሮውን ወደ ዲኤንጂ (የአዶቤ የሮው ዓይነት) ትለውጡታላችሁ፤ ከዚያ የድሮው ላይትሩም ይከፍተዋል። ዋናውን ሮው ግን አትሰርዙ።

«ዊንዶውስ ወይም ማክ ማደስ ከፎቶ ሥራዬ ጋር ምን አገናኘው?»

በደንብ ይገናኛል። ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 14 ቀን 2025 ድጋፉ ስላበቃ ብዙ ፎቶ ቤት አሁን ኮምፒውተር እየቀየረ ነው። በማክ በኩል በ2019 የወጣው ካታሊና የተባለው የማክ ስሪት 32 ቢት የሚባሉትን የድሮ ፕሮግራሞች መቀበል አቆመ። ላይትሩም 6 ራሱ 64 ቢት ነው፤ የመጫኛና የፈቃድ ክፍሎቹ ግን 32 ቢት ስለነበሩ ብዙ ሰው ተቸገረ። አፕል በ2014 ልማቱን ያቆመው አፐርቸር የተባለው የፎቶ ፕሮግራሙም ካታሊና ላይ አይሠራም። ዓመታት ሙሉ ፎቶአቸውን በአፐርቸር ያደራጁ ሰዎች ወይ በድሮው የማክ ስሪት መቆየት፣ ወይ ወደ ሌላ ፕሮግራም መሸጋገር ነበረባቸው።

ለእኛ ደግሞ የግዕዝ ፊደል ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተዘጋጁ ፎንቶች «ሀ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት። ስንት የአልበም ሽፋን፣ ስንት የሙሽሮች ስም በእነዚያ ተጽፏል! ፎንቱ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ጽሑፉን ለማረም ስትነኩት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆንባችኋል። ፎቶሾፕ በ2021 ታይፕ 1 የሚባሉትን የድሮ ፎንቶች መቀበል እንዳቆመም አትርሱ። ዩኒኮድ የሆነው ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት እንኳ በዊንዶውስ 10 ላይ ለብቻው የሚጨመር ሆኗል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶች የሚለውን ታወርዳላችሁ።

ስለዚህ የድሮው ኮምፒውተር ሳይሸጥ የፎንት ፎልደሩን ገልብጡ። የአልበም ዲዛይኖቻችሁንም ከፎቶሾፕ ፋይሉ ሌላ በፒዲኤፍ ወይም በቲፍ አስቀምጡ። በአዲሱ ፎቶሾፕ ስትከፍቱ ፎንት የለም የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ጽሑፉን አትንኩት። ካልነካችሁት የድሮው መልኩ ይቆያል።

«የካሜራ ፈርምዌር አይነካካም»

ፈርምዌር ካሜራው ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነና ፋይሉ ከአምራቹ ድረ ገጽ ከወረደ ይነካል። ኒኮን ዜድ6 እና ዜድ7 በ2018 ሲወጡ ኤክስኪውዲ የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ ብቻ ነበር የሚቀበሉት። በታኅሣሥ 2019 በወጣው 2.20 ፈርምዌር ግን ሲኤፍኤክስፕረስ የተባለውን ሌላ ካርድም መቀበል ጀመሩ። ባለቤቶቹ ምንም አልከፈሉም።

«ክራክ የሆነው ይሻላል፤ አፕዴት አይጠይቅም»

አዎ፣ ሳይከፈልበት ፈቃዱ የተሰበረ ሶፍትዌር አፕዴት አይጠይቅም። ግን ማን ምን እንደጨመረበት አታውቁም፤ የደንበኛችሁ ፎቶ ደግሞ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። መክፈል የሚከብድ ከሆነ ዳርክቴብል የተባለው የፎቶ ማቀናበሪያ ነፃ ነው፤ ሕጋዊም ነው። መልመዱ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ይለመዳል።

«አንዴ ቁልፍ መጫን ነው፣ ማታ አደርገዋለሁ»

ወዳጄን ያስደነገጠው ይህ ነው። ጥር ላይ፣ ሦስት ሰርግ እጁ ላይ እያለ! ጊዜ መምረጥ የሥራው ግማሽ ነው። ደግነቱ የእኛ ሰርግ ወቅት አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ኦርቶዶክሱ አይዳርም። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገናም እንዲሁ ይቀዘቅዛል። ማደስ ካለባችሁ ያኔ ነው፤ ያውም ከጾሙ መጀመሪያ ብትጀምሩ ለፋሲካ ማግስት ሰርግ እጃችሁ ተፍታትቶ ይጠብቃችኋል።

አውቶማቲክ አፕዴት ካለ አጥፉት፤ ቀኑን የምትመርጡት እናንተ ሁኑ። የአዶቤ ፕሮግራሞችን የሚጭነው ክሪኤቲቭ ክላውድ አዲስ ስሪት ሲጭን የድሮውን ሊያስወግድ ስለሚችል ምርጫዎቹን አንብባችሁ ምልክቱን አንሱ። ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጡ። ሃርድ ዲስካችሁ ላይ በቂ ባዶ ቦታ ይኑር፤ ካታሎጉ ሲለወጥ ሌላ ቅጂ ይፈጠራልና። መብራት ነገር ስለማይታመን ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን።

ከዚያ በካታሎጉ ቅጂ ላይ ሞክሩ። የአምናውን አንድ ሰርግ ክፈቱ። አንድ ፎቶ ኤዲት አድርጋችሁ ኤክስፖርት አድርጉ። የምትጠቀሙባቸው ፕለጊኖች (ላይትሩም ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) መሥራታቸውን አረጋግጡ። አንዱን ፎቶ ሁልጊዜ ወደምታሳትሙበት ቤት ልካችሁ ቀለሙን ከድሮው ህትመት ጋር አስተያዩ። ይህ ሁሉ ደህና ሲሆን ነው ወደ አዲሱ የምትሸጋገሩት። የድሮውን ካታሎግ ደግሞ የጥር ሰርጎች አልበም ለመጨረሻዋ ሙሽራ እስኪደርስ ድረስ አታጥፉት።