የድሮ የእርሳስ ፈረሰኞችን ማደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሉን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ የወታደር ምስሎች የሚጫወት ሰው አንድ ቀን ከእርሳስ ብረት የተሠሩ የድሮ ፈረሰኞች እጁ መግባታቸው አይቀርም። የእኔዎቹ በጫማ ካርቶን ታጭቀው የመጡ፣ ቀለማቸው የተላላጠ ባለ 25 ሚሊሜትር ስኮትስ ግሬይስ (በግሬይ ማለትም በግራጫ ፈረሶቹ የሚታወቀው የእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር) ነበሩ። ስለ እድሳት የሰማሁትን ሁሉ አምኜ ብጀምር ኖሮ ግማሾቹን አበላሽ ነበር።

«አሮጌ ከሆነ ቀለሙ ይነሳ።»
ለምን? ቀለሙ ካልተላጠ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ የጎደለውን ብቻ ሙሉ። ብሪቴንስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣቸውን ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ወታደሮች ካገኛችሁማ እባካችሁ አትቀቧቸው። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ቀለም ነው።

«ነጩ ዱቄት አቧራ ነው፤ እፍ በለው።»
በፍጹም እፍ እንዳትሉት! የእርሳስ ካርቦኔት ነው፤ መርዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከማስቀመጫው ነው። የኦክ እንጨት መሳቢያ የኮምጣጤ አሲድ ትነት ያወጣል፤ ትነቱ ከእርጥበት ጋር ሆኖ እርሳሱን ይበላዋል። ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። የተቦረቦረውን በስቱኮ ሙሉና ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን) ቀቡት። ከዚያ በኋላ ወደዚያ መሳቢያ አይመለስ።

«አሴቶን ሁሉንም ያነሳል።»
እርሳስ ላይ ችግር የለውም። ጠንካራውን ፕላስቲክ ግን ያቀልጠዋል። እኔ የምጠቀመው ቡናማውን ዴቶል ነው፤ ውሃ ሳልጨምር ነክሬ አሳድረዋለሁ። ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስፈገፍገው ቀለሙ ይለቃል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ወዲያው ወደ ቧንቧ ይሮጣል። የሟሟው ቀለም ውሃ ሲነካው እንደ ማስቲካ ይሆንና ጋማው መሃል ይጣበቃል። መጀመሪያ በሌላ ንጹህ ዴቶል አለቅልቁት፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ።

«የታጠፈ ሰይፍ መልሶ ይቃናል።»
አንዴ ምናልባት። ደጋግሞ የታጠፈ እርሳስ ይሰበራል። እኔ ቆርጬ አወጣዋለሁ፤ በመዶሻ የተጠፈጠፈ ስፒል በሱፐር ግሉ እተካበታለሁ።

«ግሬይ ፈረስ ነጭ ተቀብቶ ያልቃል።»
በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ስኮትስ ግሬይስ ሰኔ 18 ቀን 1815 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይን እግረኛ ሲያጠቁ፣ ሳጅን ቻርልስ ኤዋርት የ45ኛውን ክፍለ ጦር የንስር ዓርማ ሲማርክ፣ የጋለቡባቸው ፈረሶች አንድ ዓይነት አልነበሩም። እንዲህ ያለ ፈረስ ጠቆር ብሎ ይወለድና ከዕድሜ ጋር ይነጣል። ስለዚህ በአንድ ረድፍ ውስጥ ወጣቱ ዳለቻና ጠቃጠቆ ያለበት፣ ሽማግሌው ነጭ ለማለት የቀረበ ይሁን። ቆዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው፤ አፍንጫውና ከንፈሩ አካባቢ ይታያል። መጀመሪያ ጥቁር ግራጫ ቀቡ። ብሩሹን ወረቀት ላይ ጠርጋችሁ፣ ሊደርቅ ሲል፣ ነጣ ባለው ቀለም ጡንቻውን ዳበስ ዳበስ አድርጉት።

ለፈረንሳይ ኩራሲየሮች (የብረት ጥሩር ለሚለብሱት ፈረሰኞች) ፈረሶች ደግሞ የራሳችን ቃል ይበቃል፦ ዳማ። ከዳማዎቹ ብዙዎቹን ጋማና ጭራቸውን፣ ከጉልበት በታችም እግራቸውን ጥቁር አድርጉ፤ አንዱን ቦራ። መለከት ነፊው ብቻ ነጣ ባለ ፈረስ ላይ ይቀመጥ። አዛዡ በጢሱ መሃል በቶሎ የሚያገኘው በፈረሱ ቀለም ነበር።