ስለ ፍላይ ፊሺንግ ውድድር ጅማ ላይ ስሰማቸው የከረምኳቸው ነገሮች እና እውነታው

ጅማ ላይ ተገጣጥሞ ያለቀ የአሳ ዘንግ ይዘህ ባጃጅ ውስጥ ለመግባት ስትታገል ያየህ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቅህ "አንቴና ነው?" ብሎ ነው (ፈታትቶ መያዝ ይቻላል፣ ግን ደክሞኝ ነበር)። አሳ ማጥመጃ ነው ስትለው ደግሞ ሌላው ጥያቄ ይከተላል። ሁለት አመት ሙሉ አንድ አይነት ነገር ስመልስ ስለኖርኩ እስቲ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

"ዝንቡን ከየት ታመጣለህ?"

ፍላይ የሚለው ቃል ነው ሁላችንንም ያሳሳተን፣ በእንግሊዝኛ ዝንብ ማለት ነው። ጎረቤታችን ያሉት እትዬ አንድ ቀን በፌስታል የሞቱ ዝንቦች ሰብስበው ሰጡኝ፣ ከልባቸው ነው እግዜር ይስጣቸው፣ እምቢ ማለትም ከበደኝ። እውነታው ግን ዝንብ የሚባል ነገር የለበትም። ከላባ ከፀጉርና ከክር መንጠቆ ላይ ተጠምጥሞ ነፍሳት እንዲመስል የሚሰራ ነገር ነው፣ ከዚህ በኋላ ዝንብ ስል እሱን ነው። የኔ ምርጧ ከበዓል አውራ ዶሮ አንገት ላይ ከተነቀለ ቀይ ላባ ነው የተሰራችው። መንጠቆውን በፒንሳ አጥብቄ እይዛለሁ፣ ክሩን ከአይኑ ወደ ኋላ እጠመጥማለሁ፣ ላባውን በጫፉ አስሬ ሶስቴ ሳዞረው ፀጉሮቹ ዙሪያውን እንደ እግር ይቆማሉ፣ ከዛ ቋጠሮ፣ ቋጠሮው ላይ አንዲት ጠብታ የእህቴ የጥፍር ቀለም፣ አለቀ። የመጀመሪያዎቹ አስራ ምናምን ግን የተረገጠ በረሮ ነበር የሚመስሉት።

"ጉልበት ያለው ሩቅ ይወረውራል"

ይሄን እኔም አምኜ ነበር፣ ዋጋም ከፍዬበታለሁ። በተለመደው ማጥመጃ ጫፉ ላይ ያለው የእርሳስ ብረት ከብዶ ክሩን ይዞት ይሄዳል። እዚህ ግን ዝንቧ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል፣ ከባዱ ራሱ ክሩ ነው፣ የምትወረውረው እሱን ነው። ዘንጉን አፍጥነህ ድንገት ማቆም አለብህ፣ ክሩ ከኋላህ እስኪዘረጋ ትንሽ ትጠብቅና ወደ ፊት ትለቀዋለህ። ማስተማሪያ ቪዲዮዎች ላይ ዘንጉ "ከ10 እስከ 2" ነው መሄድ ያለበት ይላሉ፣ እኔ ጉደኛው ደግሞ ከአስር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አጥምዱ ያሉ መስሎኝ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ወጥቻለሁ 😂 ለካ የሰዓቱ ፊት ላይ ያሉት ቁጥሮች ናቸው፣ ዘንጉ የሚቆምበት ቦታ። ሜዳ ሳር ላይ ስለማመድ የሰፈር ልጆች "አሳው ሳር ውስጥ ነው እንዴ?" እያሉ ይከተሉኝ ነበር። በጉልበት እየወረወርኩ አንጓዬ አብጦ፣ አንድ ቀን መሸት ሲል ደክሞኝ እጄ ልል ብሎ ሳለ ክሩ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ልጆቹም ዝም አሉ።

"ትዕግስት ነው በቃ፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ውድድሩ ላይ ቁጭ ማለት የለም። የፍላይ ፊሺንግ የዓለም ሻምፒዮና በፈረንጆቹ 1981 ሉክሰምበርግ ላይ ነው የተጀመረው፣ አንዱ ዙር ሶስት ሰዓት ነው፣ የምታጠምድበት የወንዝ ክፍል በእጣ ይደርስሃል፣ አጠገብህ አሳውን የሚለካ ተቆጣጣሪ ይቆማል። ቦታው አልተመቸኝም ማለት አትችልም፣ የደረሰህ ያው ነው። እኛም ሶስት ጓደኛሞች ሆነን ይህንኑ ህግ አሳንሰን ግልገል ጊቤ አካባቢ የራሳችንን ውድድር ጀመርን፣ እጣው ኮፍያ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ ተራውን የሚጠብቀው ጓደኛችን።

የመጀመሪያ ዙሬ ዜሮ። ሶስት ሰዓት ሙሉ ያችኑ ዝንብ እዛችው ቦታ ስወረውር ዋልኩ፣ ስጨርስ ደግሞ ተስፋ አልቆረጥኩም ብዬ ኮራሁ ጭምር። ከኔ በኋላ እዛው ቦታ የገባው ጓደኛዬ ሃያ ደቂቃ ሞክሮ እምቢ ሲለው መዳብ ሽቦ የተጠቀለለባትን ከበድ ያለች ዝንብ አስሮ ወደ ታች አሰመጣት፣ ባርበስ የሚባለውን አሳ ሶስት አወጣ። አሳው ከመጀመሪያውም እዛው ነበር ማለት ነው፣ እኔ ነኝ ከጭንቅላቱ በላይ ሳሳልፍ የዋልኩት። ያን ቀን ማታ ደብተር ገዛሁ፣ የተማሪ ደብተር። የውሃው ቀለም፣ ጥልቀቱ፣ ምን ቀየርኩ፣ ምን ሆነ። ህጌ አስራ አምስት ደቂቃ ምንም ከሌለ አንድ ነገር መቀየር ነው፣ ሁለት ከቀየርክ የቱ እንደሰራ አታውቅማ። አሁን ሁለተኛው ደብተር ላይ ነኝ፣ አብዛኛው ገጽ "ምንም" ይላል፣ ግን ከምን ጋር ምንም እንደሆነ ጭምር ስለሚል ለኔ ከሁሉም ገጽ የሚጠቅሙኝ እነሱ ናቸው።

"ትልቁን የያዘ ያሸንፋል"

አይደለም። ከተወሰነው ርዝመት ያላነሰ እያንዳንዱ አሳ ይቆጠራል፣ በሴንቲሜትርም ይለካል፣ በዛ ዙር ከምድብህ ስንተኛ እንደወጣህ ይያዛል፣ በመጨረሻ የሁሉም ዙር ደረጃ ተደምሮ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። ስለዚህ አንድ ጭራቅ ይዘህ በሌላው ዙር ዜሮ ከሆንክ አለቀልህ። ፈረንሳዊው ፓስካል ኮኛርድ በግል ሶስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ በፈረንጆቹ 1997፣ 2000 እና 2009። ከሁለተኛው እስከ ሶስተኛው ዘጠኝ አመት! እኔ ዘጠኝ ሳምንት ሳልይዝ ስቀር ዘንጉን ልሸጥ ገበያ አወጣሁት። ደግነቱ ገዢ ጠፋ።

"የያዝከውን መልሰህ ከለቀቅክ ምን ዋጋ አለው"

እናቴ ናት። "ልጄ ፀሐይ ሲበላህ ውለህ ባዶ እጅህን መጣህ?" ትላለች። ውድድር ላይ መንጠቆው ወደ ኋላ የሚመለሰው እሾህ የሌለው መሆን አለበት፣ እጅህን አርጥበህ ነው የምትይዘው ምክንያቱም ደረቅ እጅ ከአሳው ቆዳ ላይ ያለውን ልጋግ ይገፈዋል፣ ለክተህ ትለቀዋለህ። ውድድር ባልሆነ ቀን ግን ቆሮሶ ከመጣ ወደ ቤት ነው፣ ልዋሽ አልችልም።

"የፈረንጅ አሳ ከሌለ አይሆንም"

ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ አሳ ለማለት ነው። እሱም ቢሆን አገራችን አለ፣ ከኬንያ መጥቶ የባሌ ተራራ ወንዞች ላይ ተለቋል። ግን እኛ ጋ ያለው ባርበስ ነፍሳት ይበላል፣ ሲይዝም ዘንግህን ነጥቆ ሊሄድ ምንም አይቀረው። ችግሩ ሌላ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃው ቡና በወተት ይመስልና ዝንቧን የሚያያት የለም፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ሳር ላይ ነው ልምምዱ። ጅማ አጠገብ ያለው የቦዬ ኩሬ ቅርብ ነው ብላችሁ ውሃ ውስጥ እንዳትገቡ ደሞ፣ ጉማሬ አለ።

የምናጠምድበት ቦታ ከብት የሚያጠጡ አንድ አባባ አሉ፣ በመጡ ቁጥር "ቁርጡሚን ጂራ?" ይሉኛል፣ አሳ አለ ወይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ "ሂን ጂሩ" አልኳቸው፣ የለም። ደብተሬን አዩት፣ ሳቁ፣ ከዛ በዱላቸው ማዶ ያለውን የሾላ ዛፍ ጥላ ጠቆሙኝ። ፍሬው ውሃው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ስሩ ስወረውር በሁለተኛው ክሩ ቀጥ አለ፣ 34 ሴንቲ። ደብተሩ ላይ "ምን ቀየርኩ" በሚለው ስር "አባባን ሰማሁ" ብዬ ጻፍኩ።