በረራ ሲዘገይ ወይም ሲሰረዝ፦ የመንገደኞች መብትና የካሳ ሕጎች

በረራው የዘገየበት ወይም የተሰረዘበት መንገደኛ ሦስት የተለያዩ መብቶች ሊኖሩት ይችላሉ። አንደኛው እስኪሳፈር ድረስ የሚደረግለት መስተንግዶ ነው፤ ምግብ፣ መጠጥ፣ ሲያድር ደግሞ ሆቴል። ሁለተኛው የትኬት ገንዘቡን ተመላሽ ከማድረግና በሌላ በረራ ከመሄድ አንዱን የመምረጥ መብት ነው። ሦስተኛው ለጠፋው ጊዜ የሚከፈል ካሳ ነው። ብዙ ሰው ሦስቱን ስለሚያደባልቅ፣ ቆጣሪው ላይ ያለችው ሠራተኛ «ችግሩ የአየር ጠባይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ስትለው ሁሉንም ትቶ ይሄዳል። በአውሮፓ ሕግ ይህ መልስ እውነት ቢሆን እንኳ የሚያስቀረው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ሆቴሉም የትኬቱ ገንዘብም በቦታቸው አሉ።

የትኛው ሕግ እንደሚሠራ የሚወስነው የመንገደኛው ዜግነትም ሆነ ትኬቱ የተገዛበት አገር አይደለም። መታየት ያለበት አውሮፕላኑ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ ደግሞም በረራውን በተግባር ያከናወነው ማን እንደሆነ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው የበረራ ቁጥር የአንዱ አየር መንገድ ሆኖ አውሮፕላኑና ሠራተኞቹ የሌላ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአውሮፓ ሕግ ካሳ የሚጠየቀው ያበረረው ነው። ጥያቄውን ትኬት ለሸጠው ድርጅት ልኮ ወራት መጠበቅ የተለመደ ስሕተት ነው።

የአውሮፓው ደንብ

በዘርፉ እጅግ የሚጠቀሰው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ነው። ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 2005 ሲሆን፣ ከኅብረቱ አባላት ሌላ በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በስዊዘርላንድም ይሠራል። ከእነዚህ አገሮች ኤርፖርት የሚነሣ በረራ የማንም አየር መንገድ ቢሆን በደንቡ ሥር ነው። ከሌላ አገር ወደዚያ የሚገባ በረራ ግን የሚሸፈነው አየር መንገዱ የአውሮፓ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ወደ ባንኮክ በአንድ የእስያ አየር መንገድ የሄደ ሰው በመሄጃው ሽፋን አለው፤ በዚያው አየር መንገድ ሲመለስ የለውም። ደርሶ መልስ ትኬት በአንድ ላይ መገዛቱ ይህን አይለውጠውም፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት መሄጃና መመለሻ ለየብቻ እንዲታዩ እ.ኤ.አ. በ2008 ወስኗል።

ትራንዚት ያለው ጉዞ ሌላ ነው። ሁለቱ በረራዎች በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ከተገዙ እንደ አንድ ጉዞ ይቆጠራሉ፤ መዘግየቱም የሚለካው በመጨረሻው መድረሻ ነው። ከበርሊን ተነሥታ በካዛብላንካ በኩል ወደ አጋዲር የሄደች መንገደኛ ችግር የገጠማት ሁለተኛው፣ ማለትም ሞሮኮ ውስጥ ያለው በረራ ላይ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ጉዞው ከበርሊን የጀመረ አንድ ጉዞ ነው ብሎ ደንቡ ይሠራል አለ። ሁለቱን ትኬቶች ርካሽ ስለሆኑ ለየብቻ የገዛ ሰው ግን የመጀመሪያው በረራ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው ኪሳራው የራሱ ነው።

የካሳው መጠን ከትኬቱ ዋጋ ጋር አይገናኝም። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ላለ በረራ 250 ዩሮ ነው። በኅብረቱ ውስጥ ሆኖ ከ1,500 ኪሎ ሜትር ለሚበልጥ፣ ከኅብረቱ ውጭም ከ1,500 እስከ 3,500 ኪሎ ሜትር ለሆነ 400 ዩሮ፤ ከዚያ ለራቀው 600 ዩሮ ይከፈላል። ርቀቱ የሚለካው ከመነሻው እስከ መጨረሻ መድረሻው ባለው አጭሩ የአየር መስመር ነው፤ ትራንዚት ለማድረግ የተዞረው አይቆጠርም። ትኬቱን በ30 ዩሮ የገዛ 250 ዩሮ ሊያገኝ ይችላል፤ አየር መንገዶች አጥብቀው የሚያማርሩትም በዚህ ነው። በነጻ የሚጓዝ ሕፃን ካሳ የለውም፤ ትኬት የተከፈለለት ልጅ ግን እንደ አዋቂ ሙሉውን ያገኛል።

ደንቡን ከላይ እስከ ታች ያነበበ ሰው ለዘገየ በረራ ካሳ ይከፈላል የሚል አንቀጽ አያገኝም። ጽሑፉ ካሳን የሚያነሣው በረራ ሲሰረዝና መንገደኛ ከፈቃዱ ውጭ ሳይሳፈር ሲቀር ነው። የሦስት ሰዓቱን ወሰን ያመጣው ፍርድ ቤቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 2009 በስተርጅን ጉዳይ፣ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ በረራው ከተሰረዘበት ሰው አይለይም ብሎ ወሰነ። በ2012 ይኸው ጸና። የአባል አገሮቹ የትራንስፖርት ሚኒስትሮች ወሰኑን ወደ አራትና ስድስት ሰዓት ከፍ ለማድረግ በሰኔ 2025 መስማማታቸው፣ የአውሮፓ ፓርላማም መቃወሙ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ መዘግየቱ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ከሆነ 600ው በግማሽ ይቀነሳል።

ሦስት ሰዓቱ እስከ መቼ ነው የሚቆጠረው? ከሳልዝበርግ ወደ ኮሎኝ የበረረ አንድ አውሮፕላን ጎማው መሬት የነካው ከፕሮግራሙ 2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ዘግይቶ ነበር፤ ወደ ማቆሚያው ደርሶ ሲቆም 3 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ሆነ፤ በሩ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 መድረሻ ማለት ከበሮቹ ቢያንስ አንዱ የተከፈተበትና መንገደኞች እንዲወርዱ የተፈቀደበት ቅጽበት ነው አለ። የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ያረፈበትን ሰዓት በመሆኑ፣ ለወሰኑ የተጠጋ መንገደኛ በሩ ሲከፈት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ቢያነሣ ሰዓቱ ከምስሉ ጋር ይቀመጥለታል።

ለተሰረዘ በረራ ዋናው ጥያቄ ማስታወቂያው መቼ ደረሰ የሚለው ነው። 14 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው ከተነገረ ካሳ የለም። ከ14 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ከተነገረ፣ አየር መንገዱ ከካሳ የሚድነው የተተካው በረራ ከድሮው ሰዓት ከሁለት ሰዓት በላይ ቀድሞ የማይነሣ፣ ከአራት ሰዓት ባነሰ መዘግየት የሚደርስ ከሆነ ነው፤ ከ7 ቀን ባነሰ ሲነገር እነዚህ ወደ አንድና ሁለት ሰዓት ይጠብባሉ። መነሻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ማስቀደምም ከታኅሣሥ 2021 ውሳኔ ወዲህ እንደ ስረዛ ይቆጠራል። ማስታወቂያው መንገደኛው ዘንድ መድረሱን የማስረዳት ሸክም የአየር መንገዱ ነው።

«ከአቅም በላይ» የሚባለው ምንድን ነው?

አየር መንገዱ ካሳ ላለመክፈል ሁለት ነገር ማስረዳት አለበት፦ ምክንያቱ ከመደበኛ ሥራው ውጭና ከቁጥጥሩ በላይ እንደነበር፣ እንዲሁም አስፈላጊውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጎም ሊያስቀረው እንዳልቻለ። ከባድ ማዕበል፣ የአየር ክልል መዘጋት፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ማቆም፣ ሞተር ውስጥ የገባ ወፍ እዚህ ይመደባሉ። «የቴክኒክ ችግር» ግን በጥቅሉ አይመደብም። አውሮፕላን ማሽን ነው፣ ማሽን ይበላሻል፣ መጠገን ደግሞ የአየር መንገድ የዕለት ሥራ ነው፤ የ2008ቱ የዋለንቲን-ሄርማን ውሳኔ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የራሱ ሠራተኞች ለደመወዝ ብለው ሥራ ቢያቆሙ ከካሳ አይድንም። በ2023 ረዳት አብራሪ ከበረራ በፊት በድንገት የሞተበት ጉዳይ እንኳ ቀርቦ፣ አሳዛኝ ቢሆንም ሠራተኛ መተካት የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው ተብሏል። ጨካኝ ይመስላል፤ በሕጉ አካሄድ ግን የሚጠበቅ ውሳኔ ነበር።

ስለዚህ «የአሠራር ምክንያት» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው መልስ አገኘሁ ብሎ መቀመጥ የለበትም። ምን ተበላሸ፣ መቼ፣ በየትኛው አውሮፕላን ላይ፣ ምትክ ለማግኘት ምን ተሞከረ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። ጠዋት በነበረ ጭጋግ ማታ የሚነሣ በረራ መዘግየቱም በራሱ በቂ ምክንያት አይሆንም።

መስተንግዶና ገንዘብ ተመላሽ

የመስተንግዶ ግዴታ የሚጀምረው መነሻው ለአጭር በረራ በ2፣ ለመካከለኛ በ3፣ ለረጅም በ4 ሰዓት ሲዘገይ ነው። ምግብና መጠጥ፣ ሁለት የስልክ ጥሪ ወይም መልእክት፣ ማደር ካስፈለገ ሆቴልና ወደዚያ መጓጓዣ ይሰጣል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ይሰጣል። በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት ሲዘጋ አንድ አየር መንገድ ይህ ከተለመደው ከአቅም በላይ ሁኔታም ያለፈ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ2013 ግዴታው በቀንም በገንዘብም አይገደብም ሲል መለሰ። የሚያስተናግድ ካልተገኘ መንገደኛው በራሱ ከፍሎ ደረሰኙን ይይዛል። ወጪው ተመጣጣኝ መሆን አለበት፤ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል የያዘ ልዩነቱን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

ስረዛ ከሆነ መንገደኛው ይመርጣል፦ በ7 ቀን ውስጥ ገንዘብ ተመላሽ፣ ወይም በቶሎ በተገኘ በረራ መሄድ፣ ወይም በሚመቸው ሌላ ቀን መሄድ። መዘግየት ከሆነ ገንዘቡን ማስመለስ የሚቻለው ከ5 ሰዓት ጀምሮ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ስረዛው በኢሜይል ሲመጣ ከታች ትልቁ ቁልፍ «ገንዘብ ተመላሽ» ይላል። እሱን የተጫነ ሰው የትኬቱን ዋጋ ያገኛል፤ ነገር ግን አየር መንገዱ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እሱን መድረሻው የማድረስም ሆቴል የማስያዝም ግዴታ የለበትም። በዚያ ቀን የሚገዛው አዲስ ትኬት ደግሞ ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። መሄድ የግድ ከሆነ መመረጥ ያለበት ሌላ በረራ ነው። ቫውቸርም በጥሬ ገንዘብ ፈንታ የሚሰጠው መንገደኛው ፈርሞ ሲስማማ ብቻ ነው።

ከአውሮፓ ውጭ

ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ ደንቡን በራሷ ሕግ አስቀርታዋለች፤ መጠኖቹ 220፣ 350 እና 520 ፓውንድ ናቸው። ካናዳ በ2019 ባወጣችው ደንብ የሚቆጠረው ርቀት ሳይሆን ሰዓት ነው፦ ትልልቅ አየር መንገዶች ከ3 እስከ 6 ሰዓት 400፣ እስከ 9 ሰዓት 700፣ ከዚያ በላይ 1,000 የካናዳ ዶላር ይከፍላሉ። ችግሩ ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን ካሳው ይቀራል፤ ከአውሮፓው ጋር ዋናው ልዩነት ይህ ነው። ጥያቄውም በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በአሜሪካ ለመዘግየት የተወሰነ ካሳ የለም። ያለው በረራ ሲሰረዝ፣ ወይም በአገር ውስጥ 3፣ በዓለም አቀፍ 6 ሰዓት ሲያልፍና መንገደኛው ሌላ አማራጭ ሳይቀበል ሲቀር ገንዘብ እንዲመለስለት የሚያዝ የ2024 ደንብ ነው። ከመጠን በላይ ትኬት ተሸጦ ከፈቃዱ ውጭ የቀረ መንገደኛ ግን እዚያም ካሳ አለው።

እነዚህ በማይደርሱበት መስመር ላይ የሚቀረው የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት ነው። አንቀጽ 19 አየር መንገዱን በመዘግየት ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ያደርጋል፤ የተቆረጠ ሒሳብ ግን አይሰጥም። መንገደኛው የደረሰበትን ኪሳራ፣ ለምሳሌ ያመለጠ የሆቴል ክፍያን፣ በደረሰኝ ማሳየት አለበት። አየር መንገዱ ጉዳቱን ለማስቀረት በአግባቡ ሊደረግ የሚችለውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ይድናል። ጣሪያው የሚለካው የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት መለኪያ በሆነው ኤስዲአር ነው፤ ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለመንገደኛ መዘግየት 6,303፣ ለሻንጣ 1,519 ኤስዲአር ነው። የተጎዳ ሻንጣ በ7፣ ዘግይቶ የደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤቱታ ካልቀረበበት መብቱ ይቀራል። ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ጥያቄውን ማቅረብ

መሳፈሪያ ካርዱን፣ የቦታ ማስያዣ ቁጥሩንና ከአየር መንገዱ የመጣውን መልእክት ሁሉ መያዝ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ፎቶ ማንሣት፣ ከዚያ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ቅጽ መሙላት ነው። የበረራ ቁጥርና ቀን፣ የሁሉም ተጓዦች ስም ልክ ትኬቱ ላይ እንደተጻፈው፣ የተጠየቀው መጠን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይገባል። ካሳውና የወጪ ደረሰኞቹ እንደ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይጻፉ፤ አለዚያ የ18 ዩሮ ምሳ ከፍለው ፋይሉን ይዘጉታል። የቀረበው ቅጽ ስክሪን ሾት ይቀመጥ።

እንቢ ካሉ ወይም ዝም ካሉ ጉዳዩ ወደ በረራው መነሻ አገር የበላይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ወይም የሽምግልና አካል ይሄዳል። ፍርድ ቤት ከሆነ ከሳሹ የመነሻውን ወይም የመድረሻውን ከተማ ፍርድ ቤት ሊመርጥ ይችላል፤ በኅብረቱ አገሮች መካከል ለሆነ ክርክር እስከ 5,000 ዩሮ ድረስ ያለ ጠበቃ የሚካሄድ ቀለል ያለ ሥርዓት አለ። ይርጋው እንደ አገሩ ይለያያል፦ በጀርመን በረራው ከነበረበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ 3 ዓመት፣ በስኮትላንድ 5፣ በእንግሊዝ 6 ዓመት ነው። ጉዳዩን ተረክበው የሚከራከሩ ድርጅቶች ካሸነፉ ብቻ ይከፈላቸዋል፤ ድርሻቸው ግን ከካሳው ሩብ እስከ ግማሽ ሊደርስ ስለሚችል፣ ለእነሱ ከመስጠት በፊት ቅጹን ራስ ሞልቶ መልሱን መጠበቅ ይሻላል። አንዴ ከተፈረመላቸው አየር መንገዱ በማግሥቱ ለመክፈል ቢስማማም ድርሻቸውን ይቆርጣሉ።