የአሳ ወንዝ እንዴት ይጠናል? ከጣና ገባሮች እንጀምር

ስለ ጣና አሳ ሲወራ ሁላችንም የምናስበው ሐይቁን ነው። ወንዞቹ ይረሳሉ። ላቤዮባርበስ የሚባለው የአሳ ወገን ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም አይገኙም። ከእነሱም ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በመሳሰሉት ገባሮች ሽቅብ እየዋኙ፣ ጥርት ያለ ውሃ የሚሮጥበት ጠጠራማ ቦታ ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ቁጥራቸው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብቻ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። ወደ ወንዝ ሲጎርፉ መግቢያው ላይ በመረብ መያዛቸው አንዱ ምክንያት ነው።

ታዲያ ወንዙ አሁንም ያራባቸዋል ወይ? ይህን ለማወቅ ቦቲ አጥልቆ ውሃ ውስጥ መግባት ነው። ከዳር እስከ ዳር ሜትር ተዘርግቶ ስፋቱና ጥልቀቱ ይለካል። ፍጥነት መለኪያ ከሌለ ብርቱካን ውሃው ላይ ጥሎ 10 ሜትር ለመሄድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት መያዝ ይቻላል፤ የላዩ ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን ግን ውጤቱ ትንሽ ይቀነስለታል። ሙቀት፣ ድፍርስነትና ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ይመዘገባል።

ለእኔ ዋናው ድንጋይ መቁጠሩ ነው። ወንዙ ውስጥ እየተራመዱ፣ ሳይመርጡ፣ ጣት የነካውን 100 ድንጋይ አንድ በአንድ እያነሱ መለካት። ከ2 እስከ 64 ሚሊሜትር ያለው ጠጠር ነው፣ ከ2 በታች ያለው አሸዋና ደለል። ደለሉ የጠጠሩን ክፍተት ከደፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ጉማራና ርብ ደግሞ ከጉና ተራራ ወገን ብዙ አፈር ይዘው ነው የሚወርዱት። በዚያ ላይ ለግንባታ አሸዋና ጠጠር ይዛቃል፣ ለመስኖ ውሃው በሞተር ይሳባል፣ ርብ ላይም ግድብ ተሠርቷል። የአሳውን መንገድ የሚዘጋው ነገር ሁሉ ካርታ ላይ መግባት አለበት።

በበጋ ብቻ መለካት ግን አይበቃም። መንገዱ ደረቅ ስለሆነ ይቀላል፤ አሳው የሚመጣው ግን ጭቃ በሆነበት በነሐሴና በመስከረም ነው። ሁለቴ መሄድ ይሻላል፣ ያውም እዚያው ነጥብ ላይ። ጠጠሩ ገና ንጹሕ የሆነበት ቦታ ከተገኘ መጀመሪያ እሱ ይጠበቅ፤ የተጎዳውን ለማዳን ደግሞ ከላይ ተፋሰሱ ላይ እርከን መሥራትና ዳርቻውን በዛፍ መሸፈን ይቀድማል።