በሰው አገር ቢራ መጥመቅ

በተለምዶ «ክራፍት» የሚባለው አነስተኛ ቢራ ጠማቂ ከትልልቅ የመጠጥ ኩባንያዎች ነጻ የሆነና በዋጋ ሳይሆን በጣዕም የሚወዳደር ድርጅት ነው። የአነስተኛነቱ ልክ እንደየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር በዓመት እስከ 6 ሚሊዮን በርሜል የሚያመርተውን ሁሉ ትንሽ ብሎ ይመዘግባል። የአሜሪካ አንድ የቢራ በርሜል 117 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ በዚህ ልክ ትንሽ የተባለው ድርጅት በሌላ አገር ግዙፍ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። እዚህ የምናየው ግን በአንድ ጠመቃ 500 ወይም 1,000 ሊትር የሚያወጣውን፣ ባለቤቱ ራሱ በርሜል የሚያጥብበትን ድርጅት ነው፤ ባለቤቱም በሰው አገር የሚኖር ስደተኛ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የስደተኛ ጠማቂ ታሪክ ረጅም ነው። ዛሬ የአሜሪካ መለያ ተደርገው የሚታዩት የቢራ ስሞች ብዙዎቹ የጀርመን ስደተኞች የቤተሰብ ስሞች ናቸው። ከቩርተምበርግ የመጣው ዴቪድ ዩንግሊንግ በ1829 በፔንሲልቬኒያ ግዛት በፖትስቪል ከተማ የከፈተው ፋብሪካ እስከ ዛሬ በቤተሰቡ እጅ ይገኛል፤ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ አንጋፋውም እሱ ነው። ፍሬደሪክ ሚለር በ1855 በሚልዋኪ ሌሎች ትተውት የነበረ ጠመቃ ገዝቶ ሥራ ጀመረ። በ1868 በመርከብ ተደብቆ አሜሪካ የገባው አዶልፍ ኩርስ ደግሞ በ1873 በኮሎራዶ ጎልደን ከተማ ሲከፍት ከመነሻ ገንዘቡ አብዛኛውን ያወጣው ሸሪኩ ጄኮብ ሹለር ነበር። ኩርስ የሸሪኩን ድርሻ ገዝቶ ብቻውን ባለቤት የሆነው በ1880 ነው። ሙያ ከአንዱ፣ ገንዘብ ከሌላው የሚዋጣበት ይህ ዓይነት ሽርክና ዛሬም ከሁሉ የተለመደው አጀማመር ነው። ሸሪክን በስንት ዓመትና በምን ስሌት ማሰናበት እንደሚቻል ከመጀመሪያው ቀን ውል ላይ የሚያሰፍሩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

እነዚያ ሰዎች ይዘውት የገቡት ትልቁ ሀብት በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚብላላውን ላገር ቢራ የመጥመቅ ሙያ ነው። ነባሩ ጠጪ የለመደው በሞቅታ ፈጥኖ የሚብላላውን የእንግሊዞቹን ኤል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የአገራቸው ልጆች ሆኑ፤ ሌላው ሕዝብ ቀስ በቀስ ተከተለ። ያው መለያቸው ግን የጥቃት ሰበብም ሆነባቸው። በ1855 የቺካጎ ከንቲባ ሌቪ ቡን የመጠጥ ቤት ፈቃድ ክፍያን ከ50 ዶላር ወደ 300 አስወጥቶ የእሑድ ሽያጭን የሚከለክለውን ሕግ ማስፈጸም ሲጀምር፣ ዒላማው የጀርመንና የአየርላንድ ስደተኞች መጠጥ ቤቶች መሆናቸው ለማንም ስውር አልነበረም። ነገሩ ወደ ግጭት አምርቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋር የመጣው ፀረ ጀርመን ስሜትም በ1920 መጠጥን በመላ አገሪቱ ለከለከለው ሕግ መንገድ ከጠረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ክልከላው እስከ 1933 ጸንቶ አብዛኞቹን ትንንሽ ጠማቂዎች አጠፋቸው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የመጀመሪያውን፣ እዚያው ጠምቆ እዚያው የሚያስጠጣ ቤት በ1982 በዋሽንግተን ግዛት በያኪማ ከተማ የከፈተውም ስደተኛ ነው፤ በስኮትላንድ ተወልዶ በካናዳ ያደገው በርት ግራንት።

ፈቃድና መኖሪያ

ለአገሬው ተወላጅ ጥያቄው «ንግድ ፈቃዱን መቼ አገኛለሁ?» ነው። ለስደተኛው ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ በምን ዓይነት የመኖሪያ ፈቃድ? በአሜሪካ ኢ-2 የሚባለው የባለሀብት ቪዛ የሚሰጠው የንግድ ስምምነት ላላቸው አገሮች ዜጎች ነው። ሕጉ ቁርጥ ያለ ዝቅተኛ ገንዘብ ባይወስንም ኢንቨስትመንቱ ጠቀም ያለ እንዲሆን ይጠይቃል። ቪዛው በራሱ ወደ ቋሚ መኖሪያ አያደርስም፤ ንግዱ ሲዘጋም የመቆያው መሠረት አብሮ ይፈርሳል። ቋሚ መኖሪያ የሚያስገኘው ኢቢ-5 ደግሞ ከ2022 ወዲህ ቢያንስ 800,000 ዶላርና 10 የሥራ ቦታ ስለሚጠይቅ ለትንሽ ጠማቂ ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ በሌላ መንገድ መኖሪያቸውን ካደላደሉና በቅጥር ሥራ ጥቂት ካጠራቀሙ በኋላ ነው ወደ ጠመቃ የሚገቡት።

ቀጥሎ የመጠጥ ሕጉ ይመጣል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለጠማቂነት ማመልከቻ ክፍያ አይጠይቅም፤ ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም። አመልካቹ ቦታውንና መሣሪያውን መግለጽ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣም ማስረዳት አለበት። ማመልከቻው እስኪታይ ድረስ አንዲት ጠርሙስ ሳይሸጥ ኪራይ ይከፍላል ማለት ነው። እንደ እኔ ግምት ጀማሪን ከቢራው ጥራት ይልቅ የሚጥለው ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ዘመድ አዝማድ ያዋጣለት ሰው የገንዘቡን ምንጭ የሚያሳይ ወረቀት ከመጀመሪያው ቢይዝ ይበጀዋል፤ በእጅ የተቀበለውን ብር በኋላ ማስረዳት አድካሚ ነው። ባንክም ቢሆን በአገሩ ውስጥ የብድር ታሪክ የሌለውን ሰው በቀላሉ አያምንም።

በሌሎች አገሮች ማነቆው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጃፓን እስከ 1994 ድረስ በዓመት 2 ሚሊዮን ሊትር ለማያመርት የቢራ ፈቃድ አትሰጥም ነበር። ልኩ ወደ 60,000 ሊትር ሲወርድ ነው ትንንሾቹ፣ ከነሱም መካከል የውጭ አገር ሰዎች የከፈቷቸው፣ ብቅ ያሉት። ያም የከበዳቸው 6,000 ሊትር ብቻ በሚጠይቀው የሀፖሹ ፈቃድ ይጀምራሉ፤ ሀፖሹ በሕጉ ከቢራ የተለየ ምድብ ያለው የብቅል መጠጥ ነው። የቀረጡ ሕግም የድርጅቱን መጠን ይወስናል። እንግሊዝ በ2002 በዓመት እስከ 5,000 ሄክቶሊትር (አንዱ 100 ሊትር ነው) ለሚጠምቁ ቀረጡን በግማሽ ቀነሰች። አሜሪካ በበርሜል 3.50 ዶላር ብቻ የምታስከፍለው ለመጀመሪያዎቹ 60,000 በርሜሎች ነው። ሁለቱም ቅናሾች የታሰቡት ትንሹን ለማቆየት ነው።

ገንዳ፣ ውኃና ገበያ

የጠመቃው ሂደት አጭር ነው። የተፈጨ ብቅል በ65 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውኃ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል፤ ስኳሩ ወጥቶ ይጣራል፤ ፈሳሹ ለቢራው ምሬት ከሚሰጠው የሆፕስ አበባ ጋር ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈላል፤ ቀዝቅዞ እርሾ ይገባበታል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው በጥበቃና በማጠብ ነው፤ በተለይ በማጠብ። ሙያውን ከሩቅ የሚመኙ ሰዎች ጠማቂ ማለት በአብዛኛው ቧንቧና ገንዳ አጣቢ መሆኑን ቢያውቁ ግማሾቹ ሐሳባቸውን ይቀይሩ ነበር። ለአንድ ሊትር ቢራ ከ4 እስከ 7 ሊትር ውኃ መፍሰሱም ከዚሁ የተነሣ ነው። ቦታ ሲመረጥም ከመንገዱ ውበት በፊት የወለሉ ተዳፋት፣ የፍሳሽ መውረጃው፣ የኤሌክትሪኩ ኃይልና የጣሪያው ከፍታ ይታያሉ።

የምርቱን ልክ የሚወስነው የማፍያው ብረት ድስት ሳይሆን የማብላያ ገንዳው ነው። 1,000 ሊትር በሚይዝ አንድ ገንዳ በሁለት ሳምንት የሚደርስ ኤል ቢጠመቅ፣ የማጠቢያ ጊዜ ተቀንሶ በዓመት ወደ 24 ጊዜ ይሞላል፤ 24,000 ሊትር ነው። ስድስት ሳምንት የሚፈልግ ላገር ከሆነ 8,000 ሊትር። ያው ገንዳ፣ ያው ኪራይ፣ አንድ ሦስተኛ ምርት። የዛሬዎቹ ትንንሾች አብዛኞቹ በኤል የሚጀምሩት በዚህ ስሌት ነው።

መሣሪያ የመግዛት አቅም የሌለው የሌላውን ፋብሪካ ትርፍ ገንዳ ተከራይቶ በራሱ አዘገጃጀት ያስጠምቃል። ከዴንማርክ ወደ ኒውዮርክ የሄደው ዬፔ ያርኒት-ቢየርግሶ «ኢቭል ትዊን» የተባለውን ቢራውን ለዓመታት የሸጠው በዚህ መንገድ ነው፤ የራሱን ጠመቃ በኩዊንስ የከፈተው ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው። ጉዳቱ ከእያንዳንዱ ሊትር የሚተርፈው ማነሱ ነው፤ ጥቅሙ ግን ገበያውን ያለ ዕዳ መፈተን ነው።

ሽያጩ ላይ ሁለት በር አለ። በራስ ቤት በብርጭቆ መሸጥ ከፍተኛውን ትርፍ ይሰጣል። በአከፋፋይ በኩል ሲሄድ ቢራው ሩቅ ይደርሳል፤ ትርፉ ግን ለአከፋፋዩና ለቸርቻሪው ይከፋፈላል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ከአከፋፋይ ጋር የተፈረመ ውል በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ መውጫው ከጋብቻ ፍቺ የከበደ ነው። የአገር ልጆች ብርቱ የመጀመሪያ ገዢዎች ናቸው፤ ለምረቃው ይመጣሉ፣ ይኮራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ማታ ወንበሩን የሚሞላው ግን የሰፈሩ ሰው ነው።

ሲያድግ

ስለ ማደግ የፒየር ሴሊስን ያህል የሚያስተምር ሰው አላውቅም። በቤልጂግ ሁጋርደን በምትባል ከተማ ወተት ያከፋፍል የነበረው ሴሊስ፣ በከተማዋ የመጨረሻው የነጭ ቢራ ጠማቂ በ1957 ከተዘጋ በኋላ፣ በ1966 ያንን በስንዴ፣ በድንብላልና በብርቱካን ልጣጭ የሚሠራ ቢራ መልሶ መጥመቅ ጀመረ። ቢራው ተወደደ። በ1985 ፋብሪካው ተቃጠለ፤ ኢንሹራንሱም ጉዳቱን በሙሉ አልሸፈነም። ለመልሶ ግንባታ አርቷ ከተባለው ትልቅ የቤልጂግ ቢራ ኩባንያ ገንዘብ ተቀበለ፤ ከገንዘቡ ጋር ስለ አሠራሩ የሚሰጥ ትእዛዝም መጣ። ድርሻውን ሸጦ ወጣ።

ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ወደ ቴክሳስ ተሰደደና በ1992 በኦስቲን ከተማ ያንኑ ቢራ በራሱ ስም ጀመረ። እዚያም ተሳካለት። በጊዜው የነበረው የቴክሳስ ሕግ የቢራ ፋብሪካ በግቢው ውስጥ በብርጭቆ እንዲሸጥ አይፈቅድም ነበር፤ ይህ የተለወጠው በ2013 ነው። በጣም የሚያተርፈው በር ስለተዘጋ ለማደግ የነበረው መንገድ አከፋፋይና ትልቅ ሸሪክ ነበር። በ1995 ፍሬደሪክ ሚለር የመሠረተው የሚለር ኩባንያ በሸሪክነት ገባ፤ በ2000 ፋብሪካው እንዲዘጋ ወሰነ። የሴሊስ የገዛ ስሙ የንግድ ምልክት ሆኖ ለሌላ ተሸጠ። እሱ በ2011 አረፈ፤ ሴት ልጁ ክሪስቲን ስሙን አስመልሳ በኦስቲን እንደገና የከፈተችው በ2017 ነው።

ሁለት ጊዜ በሁለት አህጉር ያው ነገር የደረሰበት ሰው ቢራ መጥመቅ አይችልም ሊባል አይችልም። የጎደለው ውሉ ላይ ነበር። ስደተኛ ጠማቂ ከሌላው የሚለየው ማንም በማያቀርበው ጣዕምና ከጀርባው ባለው ስም ስለሆነ፣ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሸሪክም መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው በነዚያ ላይ ነው። ልምድ ያላቸው የዘርፉ ጠበቆች የንግድ ምልክቱን በተለየ ድርጅት ስም አስመዝግቦ ለፋብሪካው በፈቃድ ማከራየትን ይመክራሉ። እንዲህ ከሆነ ገንዳውና ሕንፃው ቢሸጡም ስሙ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። የምልክት ምዝገባ በየአገሩ የሚጸና ስለሆነም፣ ቢራውን አንድ ቀን ወደ ተወለደበት አገር መላክ የሚያስብ ሰው ስሙን እዚያም ቀድሞ ማስመዝገብ ይኖርበታል።