ወደ መጨረሻው ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች የአመራር ካምፕ

በብዙ አገሮች ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርሱ የተቃረቡ ተማሪዎች ለጥቂት ቀናት ከከተማ ወጥተው ድንኳን ውስጥ ይሰነብታሉ። ሽርሽር ይመስላል፤ ግን አይደለም። በቀጣዩ ዓመት የተማሪ ተወካይ፣ የክበብ ሰብሳቢ ወይም የታናናሾቻቸው አጋዥ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ካምፑ ኃላፊነቱን ከመረከባቸው በፊት የሚለማመዱበት ቦታ ነው።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ቤደን ፓውል እ.ኤ.አ. በ1907 ሃያ ያህል ልጆችን ይዞ ብራውንሲ በምትባል ደሴት ሰፈረ። ከሀብታም ቤትም ከሠራተኛ ቤተሰብም የመጡ ነበሩ። በአራት ቡድን መደባቸውና ለእያንዳንዱ ቡድን ከልጆቹ መካከል አለቃ ሾመ። የስካውት እንቅስቃሴ ከዚያ ነው የተነሳው።

ሁለተኛው ትልቅ ስም ኩርት ሃን ነው። ጀርመናዊ መምህር ነበር። ሂትለርን ተቃውሞ ታሰረ፤ ከዚያ ወደ ብሪታንያ ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1941 ከመርከብ ባለንብረቱ ሎረንስ ሆልት ጋር ሆኖ ዌልስ ውስጥ አውትዋርድ ባውንድ የተባለውን የወጣቶች ማሠልጠኛ መሠረተ። ጊዜው የጦርነት ነበር። መርከብ ሲሰጥም ከልምድ አዋቂዎቹ ይልቅ ወጣቶቹ መርከበኞች ቶሎ ተስፋ ይቆርጣሉ የሚል ስጋት ነበረ፤ ሥልጠናውም ለዚሁ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሥልጠናዎች አንድ ወር ያህል ይፈጁ ነበር። ዛሬ የትምህርት ቤት ካምፕ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሠራሩ ብዙ ውስብስብነት የለውም። ተማሪዎቹ በትንንሽ ቡድን ይመደባሉ። በየቀኑ አንዱ የዕለቱ መሪ ይሆናል። ካርታና ኮምፓስ ይዞ መንገድ ይመርጣል፣ ሸክም ያከፋፍላል፣ የት እንደሚታረፍ ይወስናል። አስተማሪው ከኋላ ይከተላል። አፉንም ይዘጋል፤ ከባዱ ሥራ ይሄ ነው። ቡድኑ በተሳሳተው መታጠፊያ ሲሄድ እያየ ዝም ማለት የማይችል አስተማሪ ካምፑን ወደ ክፍል ይለውጠዋል። ጣልቃ የሚገባው አደጋ ካለ ብቻ ነው።

ለምን ሜዳ ላይ? ክፍል ውስጥ የተሳሳተ ውሳኔ ማርክ ያስቀንሳል እንጂ ማንንም አያስርብም። ሜዳ ላይ ግን ውጤቱ የሚታየው በዚያው ቀን ነው። ዘግይቶ የተነሳ ቡድን ድንኳኑን በጨለማ ይተክላል። በጣም የደከመውን ልጅ ረስቶ የገሰገሰ መሪ መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቁ አይቀርም። የቡድኑ ኩርፊያም በግልጽ ይታያል፤ የሚሸሸጉበት የለም።

ትምህርቱ የሚጠናቀቀው ማታ ነው። ሁሉም ክብ ሠርተው ይቀመጡና ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ ነገ ምን እናድርግ ይባባላሉ። የዕለቱ መሪ ቀድሞ ራሱን ይገመግማል። ይህ ውይይት ከተዘለለ የሚተርፈው የእግር ሕመም ነው።

ገመድ መውጣትና ገደል መውረድ ብዙ ፎቶ ያስገኛሉ። ለአመራር ግን ያን ያህል የሚጨምሩ አይመስለኝም። ጥሩ ካምፖች ውስጥ ተማሪው በገመዱ ላይ የት ድረስ እንደሚሄድ ራሱ ይወስናል፤ ማንም አይገፋውም። የጤና መረጃ፣ የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ ሰውና የወላጅ ፈቃድ ግን ለድርድር አይቀርቡም።

ትችትም አለ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሚወስዱት ቀድሞ የተመረጡትን ብቻ ነው። ጉልበተኛውና ድምፁ ጎላ ያለው ልጅ ሜዳውን ሲቆጣጠር ዝምተኛው ይዋጣል፤ የአመራር ተራው የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ1997 የትምህርት ተመራማሪው ጆን ሃቲና ባልደረቦቹ ስለ እንዲህ ያሉ የሜዳ ሥልጠናዎች የተሠሩ 96 ጥናቶችን አሰባስበው መርምረዋል። ጥቅሙ ከፕሮግራሙ በኋላም እንደሚቀጥል አገኙ። የተሻለ ውጤት ያሳዩት ግን ረዘም ያሉት ፕሮግራሞች ናቸው። ስለዚህ ከሦስት ቀን ካምፕ ተአምር መጠበቅ የዋህነት ነው።

አጭሩን ካምፕ የሚታደገው ተማሪውን ከካምፑ ሲመለስ የሚጠብቀው ሥራ ነው። በሳምንቱ እውነተኛ ኃላፊነት የተሰጠው ተማሪ የተማረውን ይሠራበታል፤ ባጅ ብቻ የተሰጠው ይረሳዋል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የቀጣዩን ካምፕ መንገድና ምግብ የማቀዱን ሥራ አምና ለሄዱት ይተዉላቸዋል።