ሮቦቱ ብረት አልነበረም፦ ስለ ሳይንስ ፊክሽን ጸሐፊዎች በስህተት የሚባሉ ነገሮች

ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ከመሸ በኋላ ውርጩ ማንንም ደጅ አያቆምም። እኔ ጋቢዬን ደርቤ ሳይንስ ፊክሽን፣ ማለትም በሳይንስ ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ፣ አነባለሁ። ይህን የሚያውቁ ወዳጆቼ ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር አንዳንድ ነገር ጣል ያደርጉብኛል። ደጋግሜ ከሰማኋቸው ውስጥ ልክ ያልሆኑትን ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሳይንስ ፊክሽን ትንቢት ነው»

ይህን የሚሉት ቶሎ የሚጠሩት እንግሊዛዊውን ደራሲ አርተር ክላርክን ነው፤ «ሳተላይትን በ1945 ተናግሮ የለም እንዴ!» ይላሉ። እውነት ነው፤ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ካለበት የማይነቃነቅ ይመስላል፣ ሦስት ያህሉ ዓለምን በሬዲዮ ያዳርሳሉ ብሏል። የየቤቱ ዲሽ አንዴ ተስተካክሎ ከተተከለ በኋላ ሳይዞር የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግን ክላርክ ያንን ያቀረበው በልብ ወለድ አይደለም፤ ለአንድ የሬዲዮ ቴክኒክ መጽሔት የጻፈው ስሌት ነው።

ፈረንሳዊው ደራሲ ጁል ቬርንም በ1865 ባወጣው መጽሐፍ ሰዎችን በመድፍ ወደ ጨረቃ ተኩሷል። መድፉን የተከለው ፍሎሪዳ ነው፣ ሰዎችን ጨረቃ ያደረሰው አፖሎም የተነሣው ከፍሎሪዳ ነው፣ ስለዚህ ነቢይ ነው ይሉታል። በመድፍ የተተኮሰ ሰው ግን ከአፈሙዙ ሳይወጣ ጨርቅ ይሆናል። መጽሐፉን እኔ የምወደው ጦርነት አልቆባቸው ሥራ በፈቱ የመድፍ ባለሙያዎች ላይ ስለሚያሾፍ ነው።

«ሮቦት የብረት ሰው ነው፤ ሕግ ያወጣለትም አሲሞቭ ነው»

ሮቦት የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠው የቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ በ1920 በጻፈው ተውኔት ነው፤ ቃሉን ያቀበለው ደግሞ ወንድሙ ዮሴፍ ነው። ሥሩ የግዳጅ ሥራ ማለት ነው፤ የኛ አያቶች ሁዳድ ሲወጡ የሚሠሩት ዓይነት። የቻፔክ ሮቦቶች ብረት አይደሉም፤ በፋብሪካ የተቀመሙ ሥጋ ለባሾች ናቸው። ተውኔቱን በዚህ ዓይን ካዩት ጉዳዩ ማሽን ሳይሆን ጉልበቱ የሚበዘበዝ ሰው ነው።

የአሜሪካዊው ደራሲ የአሲሞቭ ሦስት የሮቦት ሕጎች በ1942 በወጣ አጭር ታሪክ ነው የተጻፉት፦ ሰውን አትጉዳ፣ ታዘዝ፣ ራስህን ጠብቅ፤ ሲጋጩ የፊተኛው ይበልጣል። ሰዎች ይህን ኢንጂነሮች የሚገጥሙት መቆለፊያ ያስመስሉታል። አሲሞቭ ግን ሕጎቹን ያወጣቸው እንዴት እንደሚሰናከሉ ሊያሳይ ነው። ሕጎቹ በተጻፉበት በዚያ ታሪክ ውስጥ ሜርኩሪ ላይ ያለ አንድ ሮቦት ሰሌኒየም ከሚባል ንጥረ ነገር ኩሬ ቀድቶ እንዲመጣ ይላካል። ትእዛዙ እንደ ዋዛ የተሰጠ ነው፤ ሮቦቱ ደግሞ ውድ ስለሆነ ራሱን የመጠበቁ ሕግ ጠበቅ ተደርጎበታል። ሲጠጋ አደጋው ይመልሰዋል፣ ሲርቅ ትእዛዙ ይስበዋል። ሁለቱ እኩል በሆኑበት መስመር ላይ እንደ ሰካራም እየዘፈነ ኩሬውን ሲዞር ይገኛል። ሰሌኒየሙ ካልመጣ ደግሞ ባለቤቶቹ በዚያ ፀሐይ ሊጠበሱ ነው። አሲሞቭ ሰው ሲስል ደረቅ ነው፣ አልደብቅም። እንቆቅልሽ ሲያስር ግን የሚተካከለው ጥቂት ነው።

«ፍራንከንስታይን ጭራቁ ነው»

አይደለም፤ በሜሪ ሼሊ ልብ ወለድ ውስጥ ጭራቁን የፈጠረው ሰውዬ ነው። ፍጡሩ ስም እንኳ አልወጣለትም። ሼሊ መጽሐፉን መጻፍ ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር፤ በ1818 ሲታተም ስሟ አልሰፈረበትም።

«ሊቃውንት ለሊቃውንት የሚጽፉት ነው፤ ደግሞም የነጮች ነገር ነው»

አሲሞቭ የባዮኬሚስትሪ ዶክተር ነበር፤ ልክ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ ግን ኮሌጅ ገብቶ አልተማረም፤ የተማረው በቤተ መጻሕፍት ነው። መጻሕፍት ስለሚያቃጥሉ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የጻፈውን መጽሐፍም የጀመረው በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ግማሽ ሰዓት በአሥር ሳንቲም በሚከራይ የጽሕፈት መኪና ነው።

ጥቁር አሜሪካዊቷ ኦክታቪያ በትለር የድንች ቺፕስ እየመረመረች፣ ሳህን እያጠበች፣ ሌሊት ተነሥታ ትጽፍ ነበር። በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ አንዲት የዘመኑ ጥቁር ሴት በድንገት ወደ ባርነት ዘመን ትወሰዳለች። ጊዜ የሚያሻግር ማሽን የለም፣ ቀመር የለም፤ ያለው የጅራፉ ድምፅ ነው። ከዚህ የሚጀምር አንባቢ ፊዚክስ አያስፈልገውም። ከናይጄሪያ ቤተሰብ የተወለደችው ኔዲ ኦኮራፎርም፣ በ2015 ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ፊክሽን ሽልማት የወሰደው ቻይናዊው ሊዩ ትሲሺንም አሉ፤ ሊዩ የኃይል ማመንጫ ኢንጂነር ነበር። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ስም የተጠራች ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሰማይ ታሪክ የፈረንጅ ነው ማለትም ትንሽ ያስቃል።

«በአማርኛ አይሆንም»

በዚህኛው የምከራከረው ለአሜሪካዊቷ ደራሲ ለኡርሱላ ለ ግዊን ስል ነው። በ1969 ያወጣችው መጽሐፍ የሚካሄደው ሁልጊዜ ክረምት በሆነባት ጌተን በምትባል ዓለም ነው። የዚያ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ወንድም ሴትም አይደሉም። በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ሁሉንም «እሱ» ብላ ጠራቻቸው፤ ተወቀሰችበት፤ መጀመሪያ ተከላከለች፣ ኋላ ግን ራሷ አመነች።

ወዳጆቼ «አማርኛማ ይብሳል፤ መጣ ወይ መጣች ሳትል አንድ ዓረፍተ ነገር አትሠራም» ይሉኛል። እውነት። ግን አንቱታን ረሱት። «እሳቸው መጡ፣ ተቀመጡ፣ ምን ይላሉ?» ስንል ወንድ ይሁኑ ሴት ማን ያውቃል? የጌተንን ሰዎች በሙሉ አንቱ ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ የለ ግዊን እንግሊዝኛ ያጣውን አማርኛ እጁ ላይ ይዞታል። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ዋና ሰዎች ሸርተቴ እየጎተቱ የበረዶውን ምድር ሲያቋርጡ ነው። አንደኛው እንደኛ ያለ ወንድ ነው፣ ሌላው የጌተን ሰው። በአንድ ድንኳን አድረው፣ ከአንዲት ትንሽ ምድጃ ሙቀት ተካፍለው ሲወዳጁ አንቱታው መውደቅ አለበት። ሲወድቅ ደግሞ አንተ ወይስ አንቺ? ይህን የሚፈታ ተርጓሚ ቢገኝ ደብረ ብርሃን ድረስ ጠርቼ ጠላ እጋብዘዋለሁ።

ይህን ለጎረቤቴ እማማ ቡና እያፈሉ ሳሉ አጫወትኳቸው። የመንዝ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው በሶ ተቋጥሮላቸው ጓሳን በእግር አቋርጠዋል። ስለ ወንዱና ስለ ሴቱ ምንም አላሉኝም። ሁለቱ መንገደኞች ምግባቸውን በየማታው እየመጠኑ እንደሚበሉ ስነግራቸው ግን ረከቦቱን ትተው ቀና አሉ።

«ታዲያ ስንቁ አደረሳቸው?»

«እሱን አልነግርዎትም» አልኳቸው። ቶናው እስኪቀዳ ድረስ አኮረፉኝ።